ለጠመንጃስ ማን ዘንግ ይስጠው?

በዚህ ገጽ ላይ "መድፈኞቹ" ሲባል አርሰናል ነው፤ ተኩስ ሲባል ደግሞ ከሳጥን ውጪ አክርሮ የተመታ ኳስ። ስለ እውነተኛው ተኩስ፣ ማለትም ስለ ዒላማ ስፖርት፣ እኔ ራሴ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ልሞክር ነው። ለዚህ ያበቃኝ ደግሞ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ነው።

ያደግኩት ዳንግላ ነው። አያቴ ሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡት ሽጉጥ ነበራቸው። ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባትየው በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከዳንግላና ከእንጅባራ ለቆ ሲወጣ ከአንድ እንግሊዛዊ መኮንን እጅ አገኙት ይባላል፤ በሽልማት ይሁን በሌላ መንገድ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ወሬው ግን ከታሪክ ጋር አይጣላም። ከአርበኞች ጋር ጎጃም የገባው የዊንጌት "ጌዲዮን" ጦር ያለፈው በኛው አካባቢ ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች በዚያ ዘመን የሚታጠቋቸው ኤንፊልድና ዌብሊም እንደ አያቴ ሽጉጥ ከአናታቸው የሚታጠፉ ነበሩ።

እንዴት ይታጠፋል? ከላይ፣ መዶሻው አጠገብ መቀርቀሪያ አለች። በአውራ ጣት ሲገፏት "ቀጭ" ትልና አፈሙዙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስድስቱ የጥይት ጉድጓዶች ወለል ብለው ይታያሉ። በዚያው ቅጽበት መሐል ላይ ያለች ኮከብ መሳይ ብረት ብድግ ብላ ቀለሆቹን በሙሉ ገፍታ ታወጣቸዋለች። አያቴ ጥይት አልነበራቸውም፤ ያለቀው እኔ ሳልወለድ ነው። ሆኖም ሽጉጡን ባወጡ ቁጥር መጀመሪያ ይከፍቱታል። "አንተ ልጅ፣ ቁጠር" ይሉኛል። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ስድስት ባዶ ቀዳዳ እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ነው መንካት የሚፈቀድልኝ።

ይቺ ሽጉጥ ታናናሽ እህቶች እንዳሏት ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የአሜሪካኖቹ አይቨር ጆንሰን እንዲሁም ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን የሚባሉት ፋብሪካዎች እንዲሁ ከአናታቸው የሚታጠፉ፣ ግን "ሃያ ሁለት" የምትባለውን ሚጢጢ ጥይት የሚጎርሱ ሽጉጦች ሠርተዋል። የሃሪንግተኗ ዘጠኝ ጎራሽ ስሟ ራሱ "ስፖርትስማን" ነው፤ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጣሳና የወረቀት ዒላማ ወዳጆች አብረዋት አርጅተዋል። የጥይቷ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ የክላሽ እርሳስ 8 ግራም አካባቢ ነው። ማቀጣጠያዋ እንደ ሌሎቹ ቂጧ መሐል ሳይሆን ዙሪያውን በጠርዟ ውስጥ ነው ያለው፤ መዶሻው ጠርዟን መታ ሲያደርጋት ትተኩሳለች። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እንዲህ ያለችውን ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥ ገበያ ካወጣ ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። ርካሽ ናት፣ አትጮህም፣ አትራገጥም።

ታዲያ ምኗ ነው የሚወደደው? ለኔ መልሱ ይሄ ነው፦ ከጠመንጃ ላይ ጉልበቱንና ጩኸቱን ስትቀንስለት የሚቀረው እጅ፣ ዓይንና ትንፋሽ ነው። ስትስት ደሞ "ረገጠኝ" ብለህ የምታመካኝበት የለህም። ዘጠኝ ተኩሰህ ግድ ትቆማለህ። ትከፍታለህ፣ ቀለሁ ይረግፋል፣ አንድ በአንድ ታጎርሳለህ። በመሐል ጨዋታ አለ፤ አቦል ጠጥተህ ቶና እስኪደርስ እንደምታወራው። በዚያ ላይ ሽጉጡ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ባዶ መሆኑን ሰው ሁሉ ከሩቅ ያያል። የአያቴ "ቁጠር" ማለት ይሄው ነው።

ወደኛ እንምጣ። እኛ ጋ ለሰርግም ለለቅሶም ይተኮሳል፤ ግን ወደ ሰማይ ነው። ማን እንደመታ፣ ማን እንደሳተ አይታወቅም። ውጤት የሌለው ነገር ስፖርት አይደለም እኮ! የወጣው ጥይት ደግሞ የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም።

ፈረስን ግን እንዲህ አላደረግነውም። ፈረስም የጦር መሣሪያ ነበር፤ ዓድዋ የዘመተው ለሽርሽር አይደለም። የአዊ ሰው ግን ማኅበር አቋቁሞለት፣ ምሥረታውንም ከ1932 ዓ.ም. እየቆጠረ፣ በየዓመቱ ጥር 23 በፈረስ በዓል ይሰባሰባል። በዓሉን እንጅባራ ላይ ያየ ያውቀዋል። ጉግስንም ተመልከቱት፤ በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረወራል፣ ባላጋራም በጋሻ ይመክታል፣ ከዚያ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። ፈረሰኛውን "ጦርነት ናፋቂ" የሚለው የለም። እኔ የምለው፣ የሃያ ሁለቷ ጥይት ለጠመንጃ እንደ ዘንጉ ናት።

እዚህ ላይ "ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ስንቱ ወገን በጥይት እያለቀ አንተ ስለ ሽጉጥ ጨዋታ ትጽፋለህ?" የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ እኔም ብዕሬን ያነሳሁት እየፈራሁ ነው። ትንሽ ናት ማለት መጫወቻ ናት ማለት እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሮበርት ኬኔዲ በ1968 እ.ኤ.አ. የተገደሉት በሃያ ሁለት ሽጉጥ ነው፤ ያውም አይቨር ጆንሰን በሠራት። የጦር መሣሪያ አዋጁም (ቁጥር 1177/2012) አለ፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሽጉጥ ይግዛ አላልኩም። ሽጉጡ የክለብ ይሁን፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይደር፣ ማንም ይዞት ቤቱ አይግባ። መጀመሪያው የአየር ሽጉጥ ቢሆንም አልከፋም። እሱ ባሩድ የለውም፤ ድምፁም እንደ ጉንፋን ሳል ነው። የ10 ሜትሩ የኦሊምፒክ ውድድር የሚካሄደውም በሱ ነው። በፓሪስ 2024 አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ቲሸርት ለብሶ ከቡድን አጋሩ ጋር ብር ያጠለቀውን የ51 ዓመቱን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን ያላየ ስልክ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። በስንት ስፖርት ነው የ51 ዓመት ሰው ሜዳሊያ የሚያገኘው?

ከዲኬች ይልቅ ግን እኔን የሚገርመኝ ሀንጋሪያዊው ካሮይ ታካች ነው። ወታደር ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. የእጅ ቦምብ ፈንድቶበት የሚተኩስበት ቀኝ እጁ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ዝም ብሎ በግራው መለማመድ ጀመረ። በ1948 ለንደን ላይ በ25 ሜትር የፈጣን ተኩስ ውድድር፣ በዚችው በሃያ ሁለት ጥይት ወርቅ ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። ዛሬ በኛ ክልል እጁን ወይም እግሩን አጥቶ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት ስንት ነው? የፓራሊምፒክ ተኩስ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነውም ይወዳደሩበታል። ለነዚህ ልጆች ከኳስና ከሩጫ ሌላ ምን አዘጋጅተናል? ይሄን ስፖርት የሚመሩ ሰዎች ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አያቴ አርፈዋል። ሽጉጡንም ቤተሰቡ ለመንግሥት አስረክቧል፤ ጥሩ አደረጉ። "ቀጭ" የምትለዋ ድምፅ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።

ጊዜው ሲረጋጋ፣ በአንዱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ የ10 ሜትር መም፣ የወረቀት ዒላማና ሁለት የአየር ሽጉጥ ባይ እወዳለሁ። ዳኛው በእያንዳንዱ ዙር መሐል ሽጉጡን አስከፍቶ "ባዶ!" ይበል። ሃያ ሁለቷ በኋላ ትመጣለች። ቦታው ብቻ ከፈረሶቹ ራቅ ይበል፤ የደነበረ ፈረስ የሚይዝ ዳኛ አናገኝም።