የተማረ ሰው አፍ በጨዋታ ሜዳ

ጨዋታ ማለት ሁለት ወገኖች በአንድ ሕግ ተስማምተው ኃይላቸውንና ብልሃታቸውን የሚመዝኑበት ሥራ ነው። ሚዛን ደግሞ ሁለት ሳሕን ያስፈልገዋል። አንዱን ሳሕን ሰብሮ የጣለ ነጋዴ እህሉን ሊመዝን እንደማይችል ሁሉ፣ ተጋጣሚውን የሚያዋርድ ቡድንም የራሱን ልክ ሊያውቅ አይችልም። ይህን የምጽፈው እግር ኳስ የሚጠላ ሽማግሌ ስለ ሆንሁ አይደለም። በአስተማሪነት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ተማሪዎቼን ወደ ሜዳ የምነዳ ሰው ነበርሁ፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጉልበቴ በፈቀደልኝ ቀን ከሜዳ ዳር አልጠፋም። የምከሰው ጨዋታውን አይደለም። የምከሰው በጨዋታው ስም የሚከፈተውን አፍ፣ ይልቁንም የተማረውን ሰው አፍ ነው።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና የዲላ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በ90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። ነገር ግን ጎረቤታሞች ብቻ አይደሉም፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የሐዋሳ የእርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተጣምረው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አንድ ተቋም ሆኑ። ስድስት ዓመት ያህል በአንድ ስም ከኖሩ በኋላ ዲላ ራሱን ችሎ ወጣ፤ የቀረውም የሐዋሳን ስም ያዘ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአስተዳደር ወሰን ተጨመረበት። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሲሆን ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች፤ ዲላ ያለችበት የጌዴኦ ዞን በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገባ። እንግዲህ በአንድ ማኅተም የተመረቁ ሰዎች ታናናሾች ዛሬ በሁለት ማልያ ፊት ለፊት ይቆማሉ ማለት ነው። ወንድማማቾች ጎጆ ሲወጡ ማን የተሻለ ቤት ሠራ ብለው መፎካከራቸው ያለ ነገር ነው፤ መልካምም ነው። አንዱ የሌላውን እናት ሲሰድብ ግን የማንን እናት እንደ ሰደበ ሊያስብ ይገባዋል።

ስሙን በማልጠራው አንድ ሜዳ ዳር ተቀምጬ የሰማሁትን ልናገር። የእንግዶቹ በረኛ ቀላል ኳስ አመለጠው። በስተኋላዬ የነበሩት ተማሪዎች «ወንፊት! ወንፊት!» እያሉ ሳቁበት፤ እኔም ሳቅሁ፤ በእውነትም በዚያን ቀን ወንፊት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ቃሉ ከበረኛው እጅ ተነሥቶ ወደ ትውልዱ ሄደ። አባቱ የሚበላውን ምግብ፣ እናቱ የምትናገረውን ቋንቋ እየጠሩ ይሳደቡ ጀመር። ዞር ብዬ ሳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጮኸው ልጅ በጉልበቱ ላይ የሕግ መጽሐፍ አስቀምጦ ነበር። ይህ ልጅ ነገ ዳኛ ይሆናል። ያ በረኛ አንድ ቀን ባለጉዳይ ሆኖ ከፊቱ ቢቆም፣ ስሙንና የትውልድ አገሩን ሲናገር በዳኛው ልብ ውስጥ ምን ይሰማ ይሆን? እኔን ያስፈራኝ የጎሉ ብዛት አይደለም፤ ይህ ነው።

ይህን ነገር ለወጣቶች ሳነሣ ሦስት መልስ ይሰጡኛል። የመጀመሪያው «ቀልድ እኮ ነው፤ ጨዋታ ያለ መነካካት ጨው የሌለው ወጥ ነው» የሚል ነው። ጨው ማስፈለጉን እኔም አልክድም። አባቶቻችን በገና ዕለት ዱላና ሩር ይዘው አንዱ መንደር ከሌላው መንደር ጋር ሲጋጠም ተሸናፊውን በዘፈን ያበሻቅጡት ነበር። በዚያን ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታው እንኳ ጌታው እንዳይቆጣ የታወቀ ልማድ ነበረ። የገና ጨዋታ ታላቁንና ታናሹን ለአንድ ቀን እኩል ያደርግ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ስድብ ግን እኩል የሆኑትን ልጆች ታላቅና ታናሽ ያደርጋል። በረኛውን «ወንፊት» ብትለው በሚቀጥለው ሳምንት ኳሷን ይዞ ያሳፍርሃል፤ መልስ አለው። በትውልዱ ብትሰድበው ግን ምን ይዞ ይመልስልህ? ሰው ሠርቶ ሊያሻሽለው በሚችለው ነገር መቀለድ ቀልድ ነው፤ ሊለውጠው በማይችለውና ሊያፍርበት በማይገባው ነገር መሳለቅ ግን ግፍ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ቃል ሰው አይገድልም» የሚል ነው። ታሪክን ያላነበበ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲለው ግን አዝናለሁ። በቁስጥንጥንያ ከተማ የሠረገላ እሽቅድምድም ደጋፊዎች ሰማያዊዎችና አረንጓዴዎች ተብለው ተከፍለው ነበር። ልዩነታቸው ከልብስ ቀለም ቢጀምርም ቆይቶ ፖለቲካውም ሃይማኖቱም ገባበት። በ532 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በንጉሡ በዮስጢንያኖስ ላይ በተነሣው ሁከት የከተማይቱ ብዙ ክፍል ተቃጠለ፤ በዚያው በመሽቀዳደሚያው ሜዳ ውስጥም 30,000 ያህል ሰው እንዳለቀ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል።

ግን ወደ ቁስጥንጥንያ ምን አስኬደን? የራሳችንን 2010 ዓ.ም. እናስታውስ። በዚያ ዓመት የሶዶው ወላይታ ድቻ የግብፁን ስመ ጥር ክለብ ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በመጋቢት ወርም በመልሱ ጨዋታ በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ውድድር አስወጣው። የጎረቤት ድል በእኛ ሜዳ ተጀመረ፤ ያን ቀን እልል ያለው ሰው ትውልድህ ከወዴት ነው ተብሎ ሊጠየቅ ባልተገባው ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ በሰኔ፣ በፍቼ ጫምባላላ በዓል ሰሞን፣ በዚህችው ከተማ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ከቤቱ ተፈናቀለ። ይህን ኳስ አመጣው አልልም፤ እንዲህ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። የምለው ይህን ነው፦ በክፉ ቀን የሚወረወረው ድንጋይ በደኅናው ቀን በቃል ተለቅሞ ይከማቻል። የጎረቤቱን ትውልድ በየሳምንቱ እየሳቀ መስደብ የለመደ አፍ፣ ሁከት በተነሣ ጊዜ «ተዉ» ለማለት አይከፈትም።

ሦስተኛው መልስ «እነሱ ናቸው የጀመሩት» የሚል ነው። ይህ የሕፃን መልስ ነው። በሲዳማ ሽማግሎች ዘንድ አፊኒ የሚባል የመመካከር ሥርዓት አለ፤ ትርጓሜውም «ሰምታችኋል?» ማለት ነው። ነገሩ ተነግሮ ሁሉም ሳይሰማው ፍርድ አይሰጥም። እነዚህ ፊደል ያልቆጠሩ የምንላቸው አባቶች ሰምተው ይፈርዳሉ፤ ፊደል የቆጠረው ልጃቸው ግን የዳኛውን ፊሽካ እንኳ ሳይጠብቅ ይፈርዳል። ታዲያ የተማረው ማን ነው?

እውነተኛ ፉክክር ከጥላቻ እንደማይወለድ ማስረጃው ሞልቷል። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የጀልባ ቀዘፋ፣ በ1829 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጀመር ያሰቡት ቻርልስ ዎርድስዎርዝና ቻርልስ ሜሪቬል የሚባሉ ሁለት የአንድ ትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ፤ አንዱ ኦክስፎርድ፣ ሁለተኛው ካምብሪጅ ገብተው ነበርና። ወዳጅነት የወለደው ፉክክር እስከ ዛሬ ይኖራል። ከቤታችንም ደራርቱ ቱሉ አለችልን። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ሩጫ ደቡብ አፍሪካዊቱን ኤሌና ማየርን ቀድማ ወርቁን ስትወስድ፣ ደቡብ አፍሪካ ገና ከአፓርታይድ ልትላቀቅ በመጣጣር ላይ ነበረች። ደራርቱ ግን ተሸናፊዋን ነጭ ሴት እጇን ይዛ ሜዳውን አብራት ዞረች። እጅ ለእጅ መያያዟ ወርቁን አላቀለለባትም፤ አከበደላት እንጂ።

እንግዲህ ወቀሳዬ ወደ ማን ነው? ወደ ተማሪው ብቻ አይደለም። በሜዳው ዳር ተቀምጠው እየሰሙ እንዳልሰማ የሚሆኑ መምህራን፣ ዋንጫ ለመጣለት ቡድን ድግስ ደግሰው ስለ ደጋፊው ጠባይ አንድ ቃል የማይጠይቁ አለቆች ከሰዳቢው ይልቅ ጥፋተኞች ናቸው። ተማሪ በፈተና ሲኮርጅ ከክፍል ይወጣል። በጓደኛው ትውልድ ላይ ሲሳለቅስ ለምን ከሜዳ አይወጣም? ለአንድ ማርክ የሚቆጣ ተቋም ለሰው ክብር ካልተቆጣ፣ የሚሰጠው ዲግሪ የምን ማስረጃ ነው?

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የትውልድ ስድብ በተሰማ ጊዜ የባለሜዳው ቡድን አምበል ጨዋታውን አስቁሞ ወደ ራሱ ደጋፊዎች ይሂድ፤ የራስን ወገን የሚገሥጽ ከራስ ወገን ሲመጣ ይሰማልና። ከጨዋታውም በኋላ እንግዳው ቡድን ሳይበላ አይሸኝ። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከግጥሚያ በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ልጆች እየተቀላቀሉ በአንድ ገበታ ይቀመጡ ነበር፤ ከራሱ ቡድን ልጅ አጠገብ ለተቀመጠ ሻይ አይቀዳለትም ነበር። አብረኸው ዳቦ የቆረስኸውን ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ በስሙ ትጠራዋለህ፤ በስሙ የጠራኸውን ሰው ደግሞ በዘሩ መስደብ ይከብዳል።

የሐዋሳ ልጆች ሆይ፣ የዲላን ልጆች አሸንፏቸው፤ በኳስም፣ በሩጫም፣ በትምህርትም አሸንፏቸው። የዲላ ልጆች ሆይ፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ለወንድም የሚሰጠው ታላቅ ክብር ያለ ምሕረት በሙሉ ኃይል መግጠም ነውና። ነገር ግን የዘጠና ደቂቃው ጨዋታ በፊሽካ ያልቃል፤ ጎረቤትነት ግን ፊሽካ የለውም።