ስም የማያውቅ መሣሪያ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አበው። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስምን ባለቤቱ ሳይሞት ስለሚቀብር አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በኪስ ስለሚያዘው፣ ብዙዎቻችን «ኤምፒስሪ» እያልን ስለምንጠራው አሮጌ የድምፅ ማጫወቻ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ አንባቢ «የጥገና ባለሙያ ጉዳይ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ቢለኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። ክርክሬ ስለ ሽቦና ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ ፊደልና ስለ ደራሲ ስም ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ደምበጫንና ጂጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ማንኩሳ፣ ከዚያም ቡሬ እንደርሳለን። በእነዚህ ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ ኮምፒውተር ዘርግተው ሜሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ ዘፈን፣ መዝሙርና ትረካ የሚጭኑ ሱቆች ብዙ አገልግለዋል። የካሴት ዘመን ሲያልፍ የገጠሩን ሰው ከድምፅ ጥበብ ጋር ያገናኙት እነርሱ ናቸውና ምስጋና ይገባቸዋል። ገበያ የወጣው ገበሬ ካርዱን ባዶ ሰጥቶ ሞልቶ ይቀበላል። የተቀበለው ግን ምንድን ነው? «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02»፣ «ኒው ፎልደር»! ግጥሙን ማን ደረሰው? ዜማው የማን ነው? ማን ተረከው? መቼ? መልስ የለም። ካሴት እንኳ ልባስ ወረቀት ነበረው፤ በዚያች ጠባብ ወረቀት ላይ የድምፃዊው፣ የግጥም ደራሲውና የዜማው ባለቤት ስም በደቃቅ ፊደል ይታተም ነበር። ድምፁ ከወረቀቱ በተለየ ዕለት ደራሲው ከሥራው ተለየ።

ጥፋቱን ሁሉ በባለሱቁ ላይ የሚጭን ካለ አይቸኩል። ባለሱቁ ተጠንቅቆ የፋይሉን ስም በግዕዝ ፊደል ቢጽፍስ ምን ይሆናል? ካርዱ አሮጌው ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ በማጫወቻው ስክሪን ላይ የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ ሆሄ የራሷ ቁጥር አላት። ከዚያ በኋላ የተሠሩት አብዛኞቹ የኪስ ማጫወቻዎች ግን የላቲኑን፣ አንዳንዶቹም የቻይናውንና የጃፓኑን ፊደል ሲይዙ የእኛን ዘለሉት። ቦታ ጠቧቸው ነው እንዳይባል፣ ከሺህ በላይ ለሚቆጠሩት የቻይና ምልክቶች ቦታ አልጠፋም። ለእነርሱ እኛ ገዢ እንጂ አንባቢ አልነበርንም። ባለሱቁም ደንበኛው በሳጥን እንዳይደናገር ብሎ ወደ ቁጥርና ወደ ላቲን ፊደል ሸሸ።

«በላቲን ቢጻፍ ምን ነውር አለው?» የሚሉ አሉ። ነውሩን ላሳይ። ኬ፣ ኢ፣ ኤን፣ ኢ ተብሎ በላቲን የተጻፈው ቃል «ቅኔ» ነው ወይስ «ከኔ»? ቲ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ የተባለውስ «ጠራ» ነው ወይስ «ተራ»? ኤስ፣ ኢ፣ ኤም ተብሎ ሲጻፍ «ሰም» እንበለው ወይስ «ስም»? ዋሸራንና ጎንጅን በመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ሰምና ወርቅ ሲለይ በኖረበት በጎጃም ምድር፣ ሰምን ከስም መለየት የማይችል ጽሕፈት እንዴት ይበቃናል? ፊደል የሌለን ሕዝብ ብንሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ፊደል እያለው ፊደሉን በኪሱ ባለው ዕቃ ላይ ማየት የተሳነው ሕዝብ ግን የተነጠቀው ነገር አለ።

እነሆ ወደ ሙግቴ ልብ ደረስኩ። ያ ማጫወቻ ፊደላችንን የማያውቀው ስለማይችል አይደለም፤ ያስተማረው ስለሌለ ነው። ማስተማርም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ስዊድናውያን ፕሮግራመሮች አርኮስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በሠራው ማጫወቻ የውስጥ ሶፍትዌር አልረካ ብለው የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ። ስሙን «ሮክቦክስ» አሉት። ከጊዜ በኋላ በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተቀላቅለውት የአፕልን አይፖዶች፣ የሳንዲስክን ሳንሳ ማጫወቻዎችና ሌሎችንም እንዲያንቀሳቅስ አደረጉት። ገንዘብ አይከፈልበትም። ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ሊያድለው በሚፈቅድ ሕጋዊ ፈቃድ የወጣ ነው። ዩኒኮድን ያነባል፤ ዩኒፎንት የተባለውና የግዕዝ ሆሄያትን የያዘው ነጻ ቅርጸ ፊደልም ለእርሱ በሚስማማ መልክ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

አሠራሩ ከአስማት የራቀ ነው። ማጫወቻው በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። የሮክቦክስ ማስጫኛ ፕሮግራም ሁለት ነገር ይጭናል፤ አንዱ መሣሪያው ሲበራ ቀድሞ የሚነቃ ትንሽ አስነሺ ፕሮግራም ነው፣ ሁለተኛው የሮክቦክስ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ነው። ቅርጸ ፊደሉን በዚያ ፎልደር ውስጥ አኑሮ ከማስተካከያው ዝርዝር መምረጥ ብቻ ይቀራል። እንደ ሳንሳ ክሊፕ ፕላስ ባሉት ላይ የፋብሪካው ሶፍትዌር አይጠፋም፤ ሲያበሩ የተወሰነ ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ወደ እርሱ መመለስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣችው ይህች ማጫወቻ ስክሪኗ ጣት አያህልም፤ ቁመቱ 64 ነጥብ ብቻ ነው። ሆኖም በ16 ነጥብ ከፍታ አራት መስመር የግዕዝ ጽሑፍ ይይዛል። ገበሬው ገበያ ወጥቶ ያስሞላው ሜሞሪ ካርድም ይገባባታል። ደግሞም ዩኒኮድ ሆሄያቱን በሀለሐመ ተራ ስላስቀመጣቸው፣ ፎልደሮቹ የኔታ ባስቆጠሩን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ምን ይፈይዳል? አንድ ምሳሌ ይበቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከላይ በጠቀስኳት በማንኩሳ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ያ ልብ ወለድ ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ፋይል እየተሻገረ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ማንኩሳ ያለ ሰው የገዛ አገሩን ታሪክ በኪሱ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ክፍሎቹ ግን በቁጥር ብቻ ሲሰየሙና ሲቀላቀሉ ሃያኛው ከሦስተኛው ይቀድማል፤ የደራሲው ስም የለም፣ የተራኪው ስም የለም። ሮክቦክስ በተጫነበት ማጫወቻ ላይ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር፤ ሐዲስ ዓለማየሁ፤ ተራኪ ወጋየሁ ንጋቱ» የሚለው በገዛ ፊደሉ ይነበባል። አድማጩ ያቆመበት ቦታ ምልክት ተደርጎበት ይቆየዋል። ንባቡ ቢፈጥንበት የተራኪው ድምፅ ሳይወፍርና ሳይቀጥን ያዘገየዋል።

ማንበብ ለማይችልስ? መነሣት ያለበት ጥያቄ ነው። ሮክቦክስ የድምፅ ስያሜ የሚባል ነገር አለው። በፎልደሩ ውስጥ በተገቢው ቅርጽ የተዘጋጀች አጭር የድምፅ ፋይል ከተቀመጠች፣ ማጫወቻው እዚያ ሲደርስ ስሙን በድምፅ ይናገራል። የልጅ ልጅ በገዛ አንደበቱ «ይህ የአያቴ ሠርግ ዘፈን ነው»፣ «ይህ የመምህሩ ቅኔ ነው» ብሎ ቀድቶ ለአያቱ ሊያዘጋጅላቸው ይችላል። ዓይነ ስውሩም የቅኔ ተማሪ ማንንም ሳያስቸግር የሚሻውን ያገኛል። ይህን ሁሉ «አሮጌ» የተባለው ዕቃ ይሠራዋል፤ ዕቃው አሮጌ ቢሆንም ትምህርቱ አዲስ ነውና።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ። የመጀመሪያው «ዘመናዊ ስልክ እያለ ምን ያለፋሃል? ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ይለኛል። ስልኩ ፊደላችንን ካነበበ እሰየው፤ ጠቡ ከስልክ ጋር አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ «ኢንተርኔት ላይ አለ» የተባለው ግጥምና ትረካ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ሰው የት ነበር? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ነው። ጥበብን ሰው በሚዘጋውና በሚከፍተው ቧንቧ ላይ ብቻ ማኖር ብልኅነት አይደለም። በካርድ ላይ የተቀመጠ፣ በስሙ የተሰየመ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚከፈት ቅጂ ያስፈልገናል።

ሁለተኛው «ፋብሪካው ያልፈቀደውን መነካካት ነውር ነው» ይላል። ፋብሪካውማ ሲሻው ይቆልፋል፤ አፕል ከ2006 ጀምሮ በአንዳንድ አይፖዶች ላይ የውስጡን ሶፍትዌር በምስጢር ኮድ አሠረው። በ2022 ደግሞ አይፖድ መሥራቱን ጨርሶ አቆመ። ሠሪው የተወው ዕቃ ጠባቂው ማን ሊሆን ነው? እኔ ላቤን ከፍዬ በገዛሁት ዕቃ ላይ ፊደሌን ለመጻፍ የማንን ደጅ ልጥና? ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲሆን ሲደክሙበት ፈረንጅ ይፍቀድልኝ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ኖሮ የአማርኛው ጽሕፈት መኪና ስንት ዓመት በዘገየ! እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት ታብሌት ታድሎ ነበር። በወራት ውስጥ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው እንደ ከፈቱት የፕሮጀክቱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለዓለም ተናግሯል። አስተማሪ ያልነበራቸው ሕፃናት የሞከሩትን እኛ ፊደል ቆጠርን የምንለው እንፈራዋለን?

ሦስተኛው «ይህ ዕውቀት ከገጠር ከተማ ሩቅ ነው» ይላል። ይህ ንቀት ነው። «ሞባይል ፍላሽ እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ የሌለበት ከተማ የት አለ? ፍላሽ ማድረግ ማለት የመሣሪያን የውስጥ ሶፍትዌር አውጥቶ ሌላ መተካት አይደለምን? የቡሬው ጠጋኝ ለስልክ በየቀኑ የሚያደርገውን ለማጫወቻ እንዳያደርግ የሚከለክለው የእጅ ማነስ ሳይሆን ጠያቂ ማጣት ነው።

እውነቱን ላለመሸፋፈን፣ በየገበያው የሚሸጠው ስም የለሽ ማጫወቻ ሁሉ ሮክቦክስን አይቀበልም፤ የሚቀበሉት የታወቁ ሞዴሎች ናቸው። ያረጀ ባትሪንም ሶፍትዌር አያድሰውም። በመጫን ላይ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ መሣሪያው ሊጎዳ ስለሚችል ባትሪውን ሞልቶ መጀመር ያሻል። እነዚህ ግን የጥንቃቄ ምክንያቶች እንጂ የስንፍና ምክንያቶች አይደሉም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። በመሳቢያህ ውስጥ አሮጌ ማጫወቻ ያስተኛህ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሆይ፣ አትጣለው፤ ፊደል አስተምረውና ለሚያደምጥበት ስጠው። ባለሱቅ ወንድሜ፣ አንድ ፋይል ከመጫንህ በፊት የደራሲውን፣ የተራኪውን ወይም የድምፃዊውን ስም በግዕዝ ፊደል ጻፍበት። ስሙ ሳጥን ሆኖ ቢታይ ጥፋቱ የማጫወቻው ነው፤ ነገ የሚማር ማጫወቻ ያነበዋል፤ ያልተጻፈውን ግን ማንም አያነበውም። ትረካና ግጥም በድምፅ የምታሳትሙ ሁሉ፣ የካሴቱን ልባስ ወረቀት ሥራ የፋይሉ መለያ ይሥራው፤ ባዶ አትተዉት።

ፍቅር እስከ መቃብር ይሄዳል፤ ስም ግን ከመቃብር በላይ መዋል ነበረበት። እኛ «ትራክ 01» ብለን ስንሰይመው፣ ደራሲውን ለሁለተኛ ጊዜ የምንቀብረው እኛው ራሳችን ነን።