138 ደቂቃ ከአሸዋ ጋር

ብዙዎቻችን ፊልም ላይ ሚናራና ጥምጣም ስናይ ስለ እኛ የተሠራ ይመስለናል። «ዘ ሸልተሪንግ ስካይ»ን የተመለከትኩት በዚሁ ጉጉት ነው። ጣሊያናዊው ቤርቶሉቺ ከፖል ቦውልስ ልብ ወለድ ተነስቶ በ1990 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ቀደም ሲል «ዘ ላስት ኤምፐረር» የተባለው ፊልሙ 9 ኦስካር ስላገኘ ብዙ ጠብቄ ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፖርትና ኪት የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ ትዳራቸው ቀዝቅዞ፣ ወደ ሰሜን አፍሪካ ይመጣሉ። ሰሃራ ውስጥ ባልየው በታይፎይድ ይሞታል፤ ሚስትየው ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ትሄዳለች። ይህ ሁሉ 138 ደቂቃ ይፈጃል።

«እንቅልፍ ያመጣል» የሚሉ አሉ። እኔ ዝግታውን አልጠላሁትም። የኢራናዊው ኪያሮስታሚ «የቼሪ ጣዕም»ም ዝግ ያለ ነው፤ ሊሞት የቆረጠ ሰው የሚቀብረውን ፍለጋ መኪና እየነዳ ይዞራል። ነገር ግን መኪናው ውስጥ የሚገቡት ኩርዱ ወታደር፣ አፍጋናዊው የመድረሳ ተማሪ፣ ሙዚየም የሚሠሩት አዛውንት ይናገራሉ፣ ይከራከሩታል። እዚያ ጊዜው የተሰጠው ለሰው ነው።

እዚህ ግን ለአሸዋ ነው (የስቶራሮ ካሜራ አሳምሮታል፣ መካድ ግፍ ይሆናል)። የአገሩ ሰው ሻንጣ ይሸከማል፣ ግመል ይጎትታል፣ ባልና ሚስቱ ሲያዝኑ ከኋላ ያልፋል። ስም ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ቱዋሬጉ በልቃሲም ነው፤ የሚጫወተው ግን ፈረንሳዊ የባሌት ዳንሰኛ ነው። ኪትን ወስዶ ቤት ይዘጋባታል። ምን ያስባል? ማንን ይፈራል? ፊልሙ አይጠይቅም።

ባልና ሚስቱ እኛ ቱሪስት ሳንሆን ተጓዥ ነን ይላሉ፤ ቱሪስት ገና ሲደርስ ስለ መመለስ ያስባል፣ ተጓዥ ግን ላይመለስም ይችላል። እሺ። ቦውልስ እስኪሞት የኖረባት ታንጀር የኢብን በጡጣም አገር ናት። ኢብን በጡጣ በ1325 ለሐጅ ወጥቶ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ዞረ፣ በኋላም ሰሃራን አቋርጦ ማሊ ገባ። እሱም ጻድቅ አልነበረም፤ የማሊው ንጉሥ ዳቦ፣ ሥጋና እርጎ ቢልክለት በንቀት ስቋል። ሆኖም ቃዲውን በስሙ ይጠራል፣ ማን ምን እንዳበላው ይጽፋል፣ ከሰዎቹ ጋር ይጣላል። ፖርትና ኪት የሚጣላቸው እንኳ የላቸውም።

ፊልሙን ለማየት ያሰባችሁ እዩት። ብቻ አንድ ትዕይንት ምረጡና ከኋላ የሚያልፈውን ሰውዬ ተከተሉት፤ ካሜራው ወዴት እንደሚሄድ አያሳያችሁም።