የመኪና ማጠቢያ ማሽን በቤት፤ የትኛው ጫፍ ለየትኛው ሥራ?



የቤት ዕቃ ስንገዛ ስለ ዋጋውና ስለ ጥንካሬው አጥብቀን እንጠይቃለን። ከዕቃው ጋር ስለሚመጡት ጥቃቅን ነገሮች ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ዛሬ የማወያያችሁ እንዲህ ካሉት ጥቃቅን ነገሮች ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም በግፊት ውኃ የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ማሽን ጫፍ ላይ ስለሚሰካው፣ ከአውራ ጣት ስለማይበልጠው ቁራጭ ብረት ነው። ሻጮች «ኖዝል» ይሉታል፤ እኛ እዚህ ጫፍ እንበለው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ወደ ዘንዘልማ ሄጄ ነበር። ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የምትገኝ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለባት ስፍራ ናት። እዚያ የማውቃት አንዲት እናት አለች። እሷ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ባለቤቷ ባጃጅ ይነዳል። በክረምት ጭቃው ስለሚበዛ ባጃጁ በየጊዜው ላቫጆ መግባት ነበረበት። እሷም ለላቫጆ የሚወጣውን ገንዘብ ደምራ ካየች በኋላ፣ ዕቁብ ሲደርሳት በኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ማጠቢያ ማሽን ገዛች። ሐሳቧ መልካም ነበር።

ከማሽኑ ጋር በላስቲክ የተቋጠሩ አምስት ጫፎች መጥተዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ጥቁር። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ስለ ተጻፈ ማንም አላነበበውም። የመጀመሪያ ልጇ አንድ በአንድ ሞከረና «ቀዩ ይሻላል፤ ኃይለኛ ነው» አለ። ባጃጁን በቀዩ ማጠብ እንደ ጀመረ፣ ቀደም ሲል ተጋጭቶ ስቱኮ ተለጥፎበት የነበረው ጎኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀለም ተገሽልጦ ወደቀ። ይህ በገንዘብ የሚመለስ ጉዳት ነው። ከዚህ የከፋው ግን ቀጥሎ ሊሆን የነበረው ነው። ታናሽ እኅቱ ጭቃ የነካ ባዶ እግሯን ዘርግታ «የእኔንም እጠብልኝ!» አለችው። እሱም እየሳቀ የውኃውን አፈሙዝ ወደ እርሷ ሊያዞር ሲል እናትየው ጮኻ ደረሰች። ልጅቱ ተረፈች። እኔ ግን ይህን ስሰማ፣ በስንት ቤት እንዲህ ያለ ማሽን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ገብቶ ይሆን? ብዬ አሰብሁ።

ለመሆኑ ከአንድ ማሽን የሚወጣ አንድ ዓይነት ውኃ በአንዱ ጫፍ ለስላሳ፣ በሌላው ቀለም የሚልጥ የሚሆነው ለምንድን ነው? ባለ ሹል ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴት እርጥብ መሬት ላይ ብትራመድ ተረከዙ ይሰጥማል። ያችው ሴት ነጠላ ጫማ ብታደርግ አትሰጥምም። ክብደቷ ያው ነው፤ የተለየው ክብደቱ ያረፈበት ስፋት ነው። የማሽኑም ነገር እንዲሁ ነው። ጫፉ ውኃውን በጠባቡ ከላከው ኃይሉ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ከላከው ደግሞ ኃይሉ ይከፋፈላል። ይህ የመዘርጋት መጠን በዲግሪ ይለካል፤ ቀለሞቹም የዲግሪው ምልክቶች ናቸው።

በብዙዎቹ ማሽኖች የተለመደው ምደባ የሚከተለው ነው።

ቀይ፣ 0 ዲግሪ። ውኃው ሳይዘረጋ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለመኪና ፈጽሞ አይሆንም። ቀለምን ይልጣል፣ ጎማን ይቆርጣል፣ ሥጋንም ይበሳል።

ቢጫ፣ 15 ዲግሪ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲረጭ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በሲሚንቶ ወለል ላይ ለደረቀ ቆሻሻ ይሆናል እንጂ ለመኪና ቀለም አይሆንም።

አረንጓዴ፣ 25 ዲግሪ። ከዚያው ርቀት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በፓራፋንጎ ሥርና በመኪናው ሆድ ላይ ለተጋገረ ጭቃ ይጠቅማል፤ ቀለሙ ላይ ግን በጥንቃቄና ራቅ ብሎ ካልሆነ አይመከርም።

ነጭ፣ 40 ዲግሪ። ከዚያው ርቀት 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ለመኪናው አካል፣ ለመስታወቱና ለማለቅለቂያ የሚመረጠው ይህ ነው።

ጥቁር፣ 65 ዲግሪ። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ግፊቱ ይወድቃል፤ በዚህም ምክንያት ማሽኑ ሳሙናውን ከማጠራቀሚያው ስቦ ይረጫል። ሥራው ሳሙና መቀባት ነው።

እንግዲህ አንዲት የቤት እመቤት መኪና ወይም ባጃጅ ለማጠብ በእርግጥ የሚያስፈልጓት ጥቁሩና ነጩ ናቸው፤ ለጭቃው አረንጓዴው ይጨመራል። ከነዚህ ሌላ እየተሽከረከረ የሚረጭ ጫፍም በገበያ አለ። ስፋት ያለው ይመስላል እንጂ በውስጡ የሚዞረው ያው የ0 ዲግሪ ውኃ ስለሆነ ከመኪና አርቁት።

ዳሩ ግን ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ቀለም አይጠቀምም፤ ቀለሙም በጊዜ ብዛት ይለቃል። ጫፉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 25030 የሚል ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 25 ዲግሪ መሆኑን፣ የቀሩት ደግሞ የቀዳዳውን መጠን ያመለክታሉ። አንዱ ጫፍ ጠፍቶ ሌላ ስትገዙ የቀዳዳው ቁጥር ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቀዳዳው ከሰፋ ግፊቱ ይደክማል፤ ከጠበበ ደግሞ ሞተሩ ይጨነቃል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ጫፍ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት።

ወደ አስተጣጠቡ እንለፍ። ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት ውኃው ይምጣ፤ ቃታውን ስባችሁ አየሩ እስኪወጣ ጠብቁ። ያለ ውኃ የሚዞር ፓምፕ ቶሎ ይቃጠላል። ጫፉን ስትሰኩ «ቀጭ» ማለቱን ስሙ፤ በእጃችሁም ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹት። በደንብ ያልተሰካ ጫፍ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያውን ርጭት ወደ መሬት አድርጉ። ከዚያም በነጩ ጫፍ አቧራውንና ጭቃውን አራግፉ፤ በጥቁሩ ሳሙና ቀቡ፤ በለስላሳ ጨርቅ እሹ፤ ሳሙናው ሳይደርቅ እንደገና በነጩ አለቅልቁ። ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ይልቁንም አንድ ክንድ ያህል ራቁ። ስቱኮ ያለበት፣ የተሰነጠቀ ወይም ዝገት የያዘው ስፍራና በላስቲክ የተለጠፈ ጽሑፍ በግፊት ውኃ አይነካ፤ በባልዲና በጨርቅ ይታጠብ።

ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የራዲያተሩን ስስ ቆርቆሮዎች በቀጥታ አትርጩ። በጎማው መሐል ባለው ኩሽኔታ ላይ ብትረጩ ግራሶውን አውጥቶ ውኃ ያስገባበታል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ያላችሁም የቻርጅ መሰኪያውን ስፍራ ከርጭት ጠብቁ። ባጃጅ ደግሞ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ሸራ ስለሆነ ከታክሲ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል።

ማሽኑ እየተቆራረጠ ቢረጭ ለብልሽት አትቸኩሉ። በተለይ ውኃው ከሮቶ የሚመጣ ከሆነ አሸዋ ጫፉን ዘግቶት ይሆናል። ማሽኑን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቃታውን ስባችሁ የቀረውን ግፊት አስወጡ፤ ከዚያ ጫፉን ነቅላችሁ በቀጭን ሽቦ ጥረጉት። የውኃ መግቢያውን ማጣሪያም እጠቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የቧንቧችን ውኃ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ባር አያልፍም። የቤት ማጠቢያ ማሽን ግን 100 ባርና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ይህ ውኃ ቆዳን በስቶ ሲገባ ከላይ የሚታየው እንደ መርፌ ጠባሳ ያለ ትንሽ ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደም ላይበዛው፣ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ሊመስል ይችላል። በውስጥ ግን ውኃው ቆሻሻና ሳሙና ይዞ በሥጋና በጅማት መካከል ይሰራጫል፤ ቶሎ ካልታከመ ጣት ወይም እግር እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ቡና ነስንሶ ማሰር፣ «እስከ ነገ እንየው» ማለት አይገባም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ባሕር ዳርና አካባቢዋ ላላችሁ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ። ለሐኪሙም «በግፊት ውኃ የተመታ ነው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ካልተነገረው ላይጠረጥር ይችላልና።

በመሆኑም ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሕፃናት ከግቢው ይራቁ። የሚያጥበው ሰው የተሸፈነ ጫማ ያድርግ። እግርን፣ እጅን ወይም ውሻን በማሽኑ ማጠብ ጨዋታም ቢሆን ክልክል ይሁን። የኤሌክትሪክ ማያያዣው ውኃ ከተኛበት ስፍራ ከፍ ይበል፤ ኤሌክትሪከኞች ኧርዝ የሚሉት መስመር መኖሩን ባለሙያ ይይላችሁ።

የውኃውንም ነገር አንርሳ። በደቂቃ 6 ሊትር የሚረጭ ማሽን ቃታው ለ10 ደቂቃ ከተሳበ 60 ሊትር፣ ማለት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈጃል። ትክክለኛውን ጫፍ ያወቀ ሰው ደግሞ ሥራውን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ዘይትና ሳሙና የያዘው እጣቢ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ በሚወርድ ቦይ እንዳይገባ መኪናውን ከውኃው ዳር አርቃችሁ እጠቡ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ በእምቦጭም ሲጨነቅ ዓመታት አልፈዋል። እምቦጭን ከሚያፋፉት ነገሮች አንዱ በአንዳንድ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ የሚገኘው ፎስፌት ነው። የልብስ ሳሙና ለመኪናው ቀለምም አይበጅም።

የዘንዘልማዋ እናት አሁን ቀዩን ጫፍ በጨርቅ ቋጥራ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። ጥቁሩንና ነጩን ለልጇ ሰጥታ፣ የየራሳቸውን ሥራ በአማርኛ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለታለች። የተላጠው የባጃጁ ጎን ገና ቀለም አልተቀባም። «ይቆይ፣ እያየነው እንማርበት» አለችኝ። እናንተም ማሽን ካላችሁ ዛሬውኑ ጫፎቹን አውጥታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ በአንድ እዩአቸው።

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።