ፍላሽዎን ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

አዲ አርቃይ በሚገኝ መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠሩ ጸሐፊ ነዎት እንበል። ወር ሙሉ የደከሙበት ሪፖርት በፍላሽ ተይዞ ነገ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ መድረስ አለበት። ፍላሹን ሰክተው ቢያዩት በፎልደሮቹ ሁሉ ላይ ትንሽ ቀስት በቅሎበታል። ባልንጀራዎ፣ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት አድርገው» ይላል። እባክዎን አይቸኩሉ! ሪፖርቱ ተሸሽጎ ይሆናል እንጂ አልጠፋም።

የዚህ ተንኮለኛ ጠባዩ እንዲህ ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይሰውርና በስሙ ሾርትከት ያኖራል። ያን የከፈቱ እንደሆነ አስቀድሞ ራሱን ያስነሣል፤ ቀጥሎም ፎልደሩን ይከፍትልዎታልና አይጠረጥሩትም። ከዚያ ወዲያ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። በሰው እጅ መዛመት የቆየ ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከላሆር፣ ፓኪስታን የተነሣው «ብሬን» የተባለው ቫይረስም ወደ ሌሎች አገሮች የተሻገረው በፍሎፒ ዲስክ ነበር።

እንግዲህ መድኃኒቱ በተራ ይሁን።

አንደኛ፤ ፍላሹን ይንቀሉ፤ ኔትወርኩን ያቋርጡ፤ ሌላ ፍላሽም አይሰኩ።

ሁለተኛ፤ ዲፌንደርን ለማደስ ያህል ብቻ ኢንተርኔት ከፍተው መልሰው ይዝጉ።

ሦስተኛ፤ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ይዘዙ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሳይጀምር ይፈተሻል፤ ቫይረሱም ገና ሳይነቃ ይያዛል። ሥራው 15 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪው ይሙላ።

አራተኛ፤ ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ ፍላሹን ሰክተው ሳይከፍቱት ያስፈትሹት።

አምስተኛ፤ በፎልደር ኦፕሽን ውስጥ «ሾው ሂደን ፋይልስ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይም ምልክቱን ያንሡ። ያን ጊዜ እውነተኞቹ ፎልደሮች ፈዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ቀስት ያለበትን ሳይነኩ ጽሑፎችዎን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዱ።

ስድስተኛ፤ ሪፖርቱ ተከፍቶ መነበቡን አይተው ሲያረጋግጡ፣ አሁን ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። የይለፍ ቃልዎንም ንጹሕ ከሆነ ስልክ ላይ ይለውጡ።

ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ፍላሽ ማጽዳት በቆሸሸ ውኃ ልብስ እንደ ማጠብ ነው፤ ፎርማትን ማስቀደም ደግሞ ልብሱን ከነእድፉ መጣል ነው። ሪፖርትዎ በሰላም ሊማሊሞን ይውጣ፤ አንድ ቅጂው ግን ምንጊዜም ከእርስዎ ዘንድ ይቅር።