የመንጋው ምሥጢር በአንበጣው ነርቭ ውስጥ ነው

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ በወሎ ማሳዎች ላይ ሲያርፍ፣ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸና ቆርቆሮ እየደበደበ የደረሰ ማሽላውንና ጤፉን ለማትረፍ ታግሏል። መንጋው ሲያልፍ ግን ስለ አንበጣ የምናደርገው ውይይትም አብሮ አለፈ። በእኛ አስተያየት ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንበጣን ለማጥናት የሚመቸው መንጋ የሌለበት ጊዜ ነውና።

እንደሚታወቀው የበረሃ አንበጣ ሁለት ጠባይ አለው። ብቻውን ሲያድግ ከመሰሎቹ ይሸሻል፤ ሲጨናነቅ ግን በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ መሰሎቹን ይፈልጋል። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ለውጡን የሚያስነሣው በአንበጣው ደረት የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ የሚጨምረው ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል መሆኑን አሳይተዋል። ይኸው ኬሚካል በሰው አንጎል ውስጥም ይገኛል።

ከብዙ ሺህ የነርቭ ሴሎች መካከል ሴሮቶኒን የያዙት የትኞቹ ናቸው? ይህንን ለይቶ የሚያሳየን አንቲቦዲ ነው። ሴሮቶኒን ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ጥንቸል ስትወጋበት፣ ጥንቸሏ እርሱን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ታመርታለች። ይህ አንቲቦዲ በአንበጣው ነርቭ ላይ ይጨመራል፤ ቀጥሎም የጥንቸልን አንቲቦዲ የሚይዝ፣ የሚያበራ ቀለም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይከተላል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሴሮቶኒን ያለባቸው ሴሎች ይደምቃሉ። አንበጣውን በመንጋ ጊዜ የሚያጠቁረውን ኮራዞኒን የተባለ ሆርሞንም ሆነ ልዩ ልዩ ኢንዛይሞችን በዚሁ መንገድ መፈለግ ይቻላል። ከኢንዛይሞቹ አንዱ ማላታዮን የተባለው ፀረ ተባይ የሚያግደው አሴቲልኮሊንኤስቴሬዝ ነው። ይህ ኢንዛይም በንብም በገበሬውም ነርቭ ውስጥ ስላለ፣ መርጨት ብቻውን መፍትሔ ነው ብለን ልንቀመጥ አይገባም።

አንቲቦዲ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በኮምቦልቻ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ብሩሴሎሲስን የመሰሉ በሽታዎችን ለማወቅ በከብትና በበግ ደም ውስጥ አንቲቦዲ ይፈልጋል። እዚያ በሚታወቅ ጀርም አማካይነት አንቲቦዲው ይፈለጋል፤ እኛ የምንለው ደግሞ በሚታወቅ አንቲቦዲ ሆርሞኑ ይፈለግ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲን የደሴ ተማሪዎችና የኮምቦልቻን ባለሙያዎች የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚሉ ይኖራሉ፤ አባባላቸውም ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ሁለተኛው አንቲቦዲ በሚያበራ ቀለም ፈንታ ቡናማ ቀለም የሚያስገኝ ኢንዛይም ከተሸከመ ተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ሴሮቶኒን በእንስሳት ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆኑም፣ ለአይጥ ጥናት የተገዛው አንቲቦዲ ለቦርከና ዳር ፌንጣ ሊያገለግል ይችላል። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልተጨመረበት ናሙና ለማነጻጸሪያ ካልቀረበ ግን የታየው ቀለም ማስረጃ አይሆንም።

ሴሮቶኒንን ማገድ ሌሎች እንስሳትንም ስለሚጎዳ፣ ከዚህ ጥናት ነገ የሚረጭ መድኃኒት ይገኛል አንልም። ሆኖም የጠላትን አነሣሥ የማያውቅ ሁልጊዜ ከደረሰበት በኋላ ይሮጣል። ስለዚህ መምህራን ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ሲመርጡ፣ ተማሪዎችም ሲጠይቁ፣ የአንበጣውና የፌንጣው ነርቭ ይታሰብ እንላለን። መንጋው ዳግም ሲመጣ ከጅራፉና ከቆርቆሮው ሌላ የምንይዘው ሊኖር የሚችለው ሥራው ዛሬ ከተጀመረ ነው።