እቴቴ ፈገግ ያሉ ዕለት

በእናቴ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አያቴ እቴቴ በ1958 ዓ.ም. ፒያሳ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሱት ነው። ጥበብ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። አጠገባቸው የፕላስቲክ አበባ፣ ከኋላቸው መጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅ አለ። ፊታቸው ኮስተር ያለ ነው። ልጆች ሳለን ሳሎን ውስጥ ስንረብሽ ከግድግዳው ላይ የሚቆጡን ይመስለን ነበር።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ እናቴ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ እንደደረሰ፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ ስልኩን ይዞ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ። «እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አላት። ለካ ፎቶውን በስልኩ አንስቶ፣ ምስል በሚያንቀሳቅስ መተግበሪያ ሠርቶበታል። እቴቴ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር አደረጉ። ከዚያ ጥርሳቸውን ገልጠው ፈገግ አሉ።

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እኔም እንባዬ መጣ። እናቴ ብቻ ዝም ብላ አየችና ስልኩን መለሰችለት።

«ታምራለች። ግን እናቴ አይደለችም» አለች።

ልጄ ደነገጠ፤ ሊያስደስታት ነበር ያሰበው። እሷም መደንገጡን አይታ እጁን ያዘችና እኛ ልጆቿ እንኳን ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ነገረችን።

እቴቴ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን ያደርጉ ነበር፤ በሰው ፊት ጥርሳቸውን ገልጠው ስቀው አያውቁም። ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ አልሳቁም። ፎቶው የተነሳው ለሥራ አስመራ ለነበሩት ባለቤታቸው ሊላክ ነው። እናቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆማ ታይ ነበር። ሰውየው «እሜቴ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ» ቢላቸው፣ «እሱ በሌለበት ስስቅ ቢያየኝ ምን ይለኛል?» ብለው እምቢ አሉ። ፎቶ አንሺውም «እንግዲያው እንዳይንቀሳቀሱ!» ብሎ አነሳቸው። ጫማው ደግሞ ከጎረቤት የተዋሱት ነው።

እኛ ቁጣ ያልነው ፊት ናፍቆት ነበር። ኮስተር ማለታቸው ለባላቸው የተላከ ደብዳቤ ነበር። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ መተግበሪያ መጥቶ ያንን ደብዳቤ በሰከንዶች ውስጥ በሌላ ጽሑፍ ተካው።

መተግበሪያው ክፋት የለበትም። እንዲህ ዓይነት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የብዙ ሰዎችን ፊት እንቅስቃሴ አይቶ የተማረ ነው። አንድ የቆመ ፎቶ ሲሰጡት፣ ይህ ፊት ቢንቀሳቀስ ምን ሊመስል እንደሚችል ይገምታል። ግምቱ የሚመጣው ግን ከሌሎች ሰዎች ነው። በእቴቴ ፊት ላይ ያየነው ፈገግታ እቴቴን አይተው የማያውቁ የብዙ ሰዎች ፈገግታ ነው። ስለ ነጠላው ጫፍ የነገረው የለም፤ ስለ አስመራም እንደዚሁ።

ማታ ቤቴ ስገባ አንድ የቆየ የፈረንሳይ ፊልም ትዝ አለኝ። ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው «ላ ዠቴ» ይባላል፤ ርዝመቱ 28 ደቂቃ ያህል ነው። ፊልሙ ከሞላ ጎደል የተሠራው በቆሙ ፎቶግራፎች ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ተኝታ የነበረች ሴት ዓይኗን ገልጣ ታየናለች። ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግን ያየው ሰው አይረሳውም። ያቺ ሴት እውነት ካሜራ ፊት ተኝታ ነበር፤ ዓይኗን የገለጠችውም ራሷ ናት። የእቴቴን ዓይን የገለጠው ግን ሌላ ነው።

ፈላስፋውና ጸሐፊው ሮላን ባርትም አለ። እናቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ካረፉ በኋላ ፎቶዎቻቸውን እያገላበጠ እሳቸውን ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ በትክክል «እናቴ ይህቺ ናት» ያለው፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ በተነሱት ፎቶ ላይ ነው። በ1980 ስለ ፎቶግራፍ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያንን ፎቶ በቃላት ይገልጸዋል እንጂ አላተመውም። ለሌላ ሰው ተራ ፎቶ ነዋ! ፎቶውን የእናት የሚያደርገው፣ የሚያየው ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። እናቴ የእቴቴን ሳቅ ስለምታውቅ የተሳሳተውን ለየችው። ልጄ ግን ቅድመ አያቱን አላያቸውም። እናቴ ያን ቀን ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚያስታውሰው ያንን የውሸት ሳቅ ነበር። ለልጆቹም «ቅድመ አያቴ እንዲህ ነበር የሚስቁት» ብሎ ያወርሳቸው ነበር።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ አይጠፋም፤ ግድግዳ ላይ፣ አልበም ውስጥ ወይም የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። ልጆቻችሁ ማንቀሳቀሳቸውን ከልክሉ አልልም። ነገር ግን ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማን አነሳው? ለማን ተነሳ? ከፎቶው ውጭ ማን ቆሞ ነበር? እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ልጄ ብቻውን እናቴ ጋ ሄደ። በዚያው ስልኩ ድምፅ መቅጃውን ከፍቶ ታሪኩን እንደ ገና አስነገራት። ሲጨርሱ «እማዬ፣ ቪዲዮውን ላጥፋው?» አላት። «አታጥፋው፤ ብቻ የእሷ ሳቅ ነው ብለህ ለሰው እንዳትነግር» አለችው።

ከዚያ ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው አቧራውን ጠረጉት። እናቴ እየነገረችው ልጄ ከጀርባው በእርሳስ ጻፈበት፦ «1958 ዓ.ም.፣ ፒያሳ። አስመራ ላሉ ባለቤታቸው የተላከ። ጫማው የጎረቤት ነው።»